ስም የማይጻፍበት ወረቀት

ማስታወቂያውን ያነበብኩት ትኩስ ሆኖ ከማሽኗ ሲወጣ ነው።

የምሠራው ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ዙሪያችን መሥሪያ ቤት በመሥሪያ ቤት ስለሆነ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። አንዱ ከሰሌዳ ላይ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ይዞ ይመጣና "ፕሪንት አድርጊልኝ" ይላል። ከኋላው የቆመው "ለእኔም ጨምሪ" ይላል። በሩ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እንኳን ሳያይ "እኔም አለሁ" ይላል። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ማሽኗ እጅ እስክታቃጥል ትግላለች።

እኔ የሰው ወረቀት አላነብም። የስንቱ ዲግሪ፣ የስንቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የስንቱ የሐኪም ማስረጃ በእጄ ያልፋል፤ ሁሉን ባነብ ልቤ ይደክማል። የማየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ ተቆርጧል ወይስ ሞልቷል፣ ደምቋል ወይስ ፈዟል። የዚያን ቀን ግን የመጨረሻዋ መስመር ልትቆረጥ ስለደረሰች ጎንበስ ብዬ አየኋት።

"የማባዣ ማሽን ሠራተኛ። ብዛት፦ አንድ። የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት።"

ደግሜ አነበብኳት። ስምንተኛ ክፍልን አጠናቅቄያለሁ። ሚኒስትሪ ወስጄ፣ አልፌ፣ ዘጠነኛ ልመዘገብ ስል እናቴ ታመመችና በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሰርተፊኬት አምጪ ያለኝ ሰው የለም። ሳጥን ውስጥ፣ ከእናቴ የክርስትና ነጠላ በታች ነው የሚኖረው። የማባዣ ማሽን ደግሞ ይኸው ፊቴ ቆማ ትተነፍሳለች።

"ምነው፣ ቶነር አለቀ?" አለችኝ ስልኩን የሰጠችኝ ልጅ።

ይህችን ልጅ በሆዴ "የዲግሪዋ ልጅ" ነው የምላት። ሒሳብ አያያዝ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሯም እንደ እኔው አብነት ነው። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ትመጣለች። የዲግሪዋን ኮፒ ከማውጣቴ ብዛት የማኅተሙን ቅርጽ ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው እችላለሁ።

"አላለቀም" አልኳትና ጣቴን መስመሯ ላይ አሳረፍኩ።

አነበበች። ቀና ብላ እኔን አየች፣ ማሽኗን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

"አንቺ!" ብላ ጮኸች። የተሰለፉት ሁሉ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ በልክሽ የተሰፋ ነው!"

"ቀስ በይ" አልኳት። ፊቴ ጋለ። ጋሼ ጓዳ ነበሩ። ጋሼ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ማሽን መክፈትና መዝጋትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳያውቁ ሌላ ሥራ ማሰብ ራሱ ስርቆት መሰለኝ።

ደግሞስ እኔ ሰው ፊት መናገር እችላለሁ እንዴ? ደንበኛ ሲመጣ "ስንት ኮፒ?" ብዬ ነው የምጠይቀው፤ እሱንም ወደ ማሽኗ ዞሬ።

የመንግሥት ሥራ ፈተና እንዴት እንደሚሄድ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ተፈታኞች ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈው ሲያወሩ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ማስታወቂያ ይወጣል። የምዝገባው ቀን የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ አይገቡበትም። ኦሪጅናልና ኮፒ ይዞ መቅረብ ነው፤ ኦሪጅናሉን አይተው ይመልሳሉ፣ ኮፒውን ያስቀራሉ። ከዚያ ማጣሪያ አለ፤ ማስረጃው የተሟላለት ሰው ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና ነው፤ እሱን ያላለፈ ወደ ቀጣዩ አይጠራም። እንደ ሥራው ዓይነት የተግባር ፈተና አለ፤ ሾፌር ይነዳል፣ ጸሐፊ ትተይባለች። መጨረሻ ላይ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ከመቶ ይያዝና አንደኛ የወጣው ይቀጠራል፤ ሁለተኛው ተጠባባቂ ይባላል።

የዲግሪዋ ልጅ ሦስት ጊዜ ተጠባባቂ ሆናለች። "ተጠባባቂ ማለት ሰርግ ቤት በር ላይ ቆሞ ወጡን ማሽተት ነው" ትላለች።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ የኮዱ ነገር ነበር። የጽሑፍ ፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም። እያንዳንዱ ተፈታኝ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አራሚው የማንን ወረቀት እንደሚያርም አያውቅም፤ ስም ወይም ምልክት ያለበት ወረቀት አይታረምም። እንደ እኔ ላለ ዓይነ አፋር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ፊቴን ማንም ሳያየው፣ ድምፄን ማንም ሳይሰማው እወዳደራለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ሰርተፊኬቴን ከሳጥኑ አውጥቼ በሻርፕ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ጋሼ ምሳ ሊበሉ ወጣ እንዳሉ ክዳኑን ከፍቼ መስታወቱ ላይ አስተኛሁት። የራሴን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጥኩ። ኮፒው ወጣ፤ ደማቅ፣ ሙሉ፣ ምንም ያልተቆረጠበት። ወዲያው ደንበኛ ገባና ኮፒውን መሳቢያ ውስጥ ወርወር አድርጌ ወደ እሱ ዞርኩ።

በእኛ ሥራ ትልቁ ጥፋት ኦሪጅናል መስታወት ላይ መርሳት ነው። ሰው ኮፒውን ይዞ ይሄዳል፣ ዋናው ወረቀት ክዳኑ ስር ይቀራል። የተረሱ መታወቂያዎችና ዲግሪዎች የምናስቀምጥበት መሳቢያ አለን። በቀን ሃያ ጊዜ "ኦሪጅናልዎን እንዳይረሱ" የምለው እኔ ነኝ።

ጋሼ ተመልሰው የአንድ ሰውዬ መታወቂያ ሊገለብጡ ክዳኑን አነሱ።

"ይሄ የማን ነው?"

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ፎቶው ላይ ሹሩባ የተሠራች፣ ዓይኗ የፈራ ልጅ አለች።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ምን ሊሠራልሽ ነው?"

ማስታወቂያውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ ጀምረው፣ የዳይሬክተሩንም የሾፌሩንም ቦታ ሳይቀር፣ በከንፈራቸው እያነበቡ ወረዱ። መጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሱ።

"ዜሮ ዓመት?" አሉ። "ዜሮ ዓመት ይላል! እኔ ጋ አምስት ዓመት የሠራሽው ዜሮ ነው?"

"እነሱ ናቸው ያሉት፣ ጋሼ።"

"እነሱማ ምን ያውቃሉ!" ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጣሉት። አለቀልኝ አልኩ። ቆየት ብለው ግን አነሱትና ቀኑን ፈለጉ። "ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?"

"ነገ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እንጂ! ሁለት ኮፒ ያዢ፤ አንዱን ይጥሉታል።" በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ። "ለመሆኑ ኦሪጅናል መስታወት ላይ የሚረሳ የማባዣ ሠራተኛ ማን ይቀጥራል?"

መታወቂያውን የሚጠብቁት ሰውዬ ሳቁ። ጋሼም ሳቁ። እኔ እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሮጥኩ። እየሮጥኩ ነው የሳቅኩት።

የማጣሪያው ዝርዝር ሲለጠፍ ሦስት ገጽ ሞላ። ለአንድ ቦታ ሦስት ገጽ ሰው! ስሜ በሁለተኛው ገጽ መሀል ላይ ነበር። በትየባ፣ ከነአባቴ ስም። ስሜን በመንግሥት ሰሌዳ ላይ ሳየው ቁመት የጨመርኩ መሰለኝ።

የዲግሪዋ ልጅ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየመጣች አስጠናችኝ። ባንኮኒው ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሻይ እየበላን ትጠይቀኛለች።

"ሥነ ምግባር አይቀርም። ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ጉቦ ቢሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ለፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ማን ነው ጉቦ የሚሰጠው?"

"ፈተና ስታባዢ ይሰጥሻላ! ኧረ ተይ፣ ቀልዱን ተዪና መልሺ።"

"አልቀበልም፣ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ።"

"ይኸው ቻልሽ። አሁን እኔን እያየሽ በይው።"

እሷን እያየሁ ግን አልቻልኩም። ዓይኔ ወደ ማሽኗ ይሄድብኛል። "ጀለሴ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ማሽን የለም" ትለኛለች። ስትሄድ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ትቀስርብኛለች፤ "ስምሽን እንዳትጽፊ። ኮድ ብቻ።" ይህን ሦስት ቀን ደጋግማ ነግራኛለች። የሚረሳ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ እዚያው ልደታ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ። ማርያምን ተሳልሜ፣ ሁለት እስክርቢቶ ይዤ ገባሁ። ግቢው ሞልቷል። እናቴን የሚያህሉ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። የጥበቃ ልብሱን እንደለበሰ ከአዳር ሥራ ቀጥታ የመጣ ሰው አለ። መቁጠሪያቸውን የሚያንቀሳቅሱ አንድ አባት ከንፈራቸውን ያነቃንቃሉ። የሚኒባስ ረዳት እንደነበር ከድምፁ የሚያስታውቅ አንድ ረጅም ልጅ ደግሞ ሁሉንም ያስቃል።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለአንድ ቦታ ነው?" አሉ ሴትዮዋ።

"ቦታዋማ የኔ ናት፣ እናቴ" አለ ልጁ። "እናንተ ለአየር ለውጥ ነው የመጣችሁት። ግን ችግር የለም፣ ጠጋ ጠጋ ካልን እንሞላለን።"

በሩ ላይ መታወቂያችንን ከዝርዝሩ ጋር አመሳከሩና አስፈረሙን። ከዚያ ከካርቶን ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት ማውጣት ነው። የእኔ ሠላሳ አንድ ነበረች። ቁጥሩን ከስሜ ጎን መዘገቡትና መዝገቡን ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉት። ውጤቱ ታርሞ እስኪያልቅ አይከፈትም አሉ። ሠላሳ አንድ። ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ አታፍርም፣ ሠላሳ አንድ አትንተባተብም።

ፈታኟ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ነበሩ። "ስም አይጻፍም፣ ፊርማ አይፈረምም። ኮድ ብቻ! ሰምታችኋል?" አሉ። "ሰምተናል" አልን፤ እኔም ብያለሁ።

ወረቀቱ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ምርጫ፣ ቀጥሎ እውነትና ሐሰት፣ ከዚያ ትንሽ ስሌት፣ መጨረሻ ላይ በአጭሩ አብራሩ የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች። የመልስ ወረቀቱ ለብቻው ነው። ጥያቄዎቹን ሳያቸው በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የማውቃቸው ናቸው! መቶ ሃያ ገጽ ፊትና ጀርባ ቢገለበጥ ስንት ወረቀት ይፈጃል? ስድሳ ነዋ! ይህን በእንቅልፌም እመልሳለሁ። እስክርቢቶዬ እየሮጠች፣ እግሬ ወንበሩ ስር እየዘለለ ወደ ጀርባው ገጽ ደረስኩ። ቀለሙ ወደ ኋላ አልፎ ይሆን ብዬ ወረቀቱን ገልበጥ ሳደርግ አየሁት።

በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ስሜ። ስሩ የአባቴ ስም። ከስሩ ደግሞ "8ኛ ለ"።

መቼ እንደጻፍኩት እስካሁን አላውቅም። አንደኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር ስም የሌለው ወረቀት ሲያገኙ "ይሄ የውሻ ነው?" እያሉ በመስኮት ይወረውሩት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀት በተሰጠኝ ቁጥር እጄ ቀድሞ የሠራው ያንን ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍል። ከዚያ በኋላ የፈተና ወረቀት ፊቴ ቀርቦ አያውቅም። እጄ ካቆመበት ቀጠለ።

መሰረዝ አሰብኩ፤ ስርዝም እንደ ምልክት ይቆጠራል። ዝም ብዬ ልስጥ አልኩ፤ አይታረምም። ከዚያ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እጅ አውጥቶ መናገር። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የእስክርቢቶ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰርተፊኬቴ ታወሰኝ፣ ጋሼ "ሂጂ እንጂ" ያሉት ታወሰኝ። ፎቶዬ ላይ ያለችው ልጅ እንደ ፈራች ልትቀር ነው?

እጄ ወጣ።

ፈታኟ መጡ። "ምን ሆንሽ?"

"ስሜን ጻፍኩ።"

"ምን? አልሰማሁሽም።"

"ስሜን ጻፍኩት፣ እትዬ!" ድምፄ ጣሪያውን የመታ መሰለኝ። አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት። "ስምንተኛ ለ" ብለው አነበቡ። "ክፍልሽን ጭምር!" አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ይሄ አይታረምም። አዲስ እሰጥሻለሁ። ሰዓት ግን አልጨምርልሽም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ገልብጠሽ ስትጨርሺ አሮጌውን እዚሁ ፊትሽ እቀደዋለሁ።"

ገልብጠሽ አሉኝ። መገልበጥማ እንጀራዬ ነው።

ገና አዲሱን ወረቀት ስቀበል ከኋላ ድምፅ መጣ። "እትዬ፣ እኔም ጽፌያለሁ።" የሚኒባሱ ልጅ ነው፤ ሲስቅ የነበረውም እሱ ነው። ቀጥለው ባለነጠላዋ ሴትዮ እጃቸውን በግማሽ አነሱ። ከዚያ የጥበቃው ሰው። ከዚያ መቁጠሪያ የያዙት አባት ተነሥተው ቆሙ፤ እሳቸውስ ቀኑንም ጽፈዋል።

"እግዚኦ!" አሉ ፈታኟ፣ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው። "አስተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ባገኛቸው!" እየቆጠሩ ለሁሉም ሰጡ። ትርፍ ወረቀቱ ልክ ልኩን ደረሰ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጌ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ኮዱን፣ ሠላሳ አንድ። ከዚያ መስመር በመስመር፣ ዓይኔ አንዱ ላይ፣ እጄ ሌላው ላይ። ፈታኟ "አምስት ደቂቃ" ሲሉ ሁለተኛው ማብራሪያ ላይ ነበርኩ። "እስክርቢቶ አስቀምጡ" ሲሉ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌያለሁ። አሮጌውን ወረቀት ለአራት ቀደዱት። ስሜ ሁለት ቦታ ሲከፈል አየሁ፤ እፎይ አልኩ።

በሩ ላይ የሚኒባሱ ልጅ ደረሰብኝ። "እህቴ፣ ተባረኪ፤ አንቺ ባትናገሪ አልቆልኝ ነበር" አለኝ። "አሁን ደግሞ አንድ ውለታ ዋይልኝ።"

"ምን?"

"ቦታዋን ተዪልኝ።"

"አልተውም" አልኩት። እያየሁት! የማላውቀውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ!

የጽሑፉን ፈተና አምስት ሰው አለፈ። ሰሌዳው ላይ የወጣው ኮድና ነጥብ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ሦስተኛ ነበረች። ሁለት ነጥብ ከአንደኛው አንሼ ነበር፤ ያች ሳልጨርሳት የቀረችው ጥያቄ መሆኗን አውቃለሁ። የሚኒባሱ ልጅ ማለፍ አለማለፉን አላወቅኩም ነበር፤ የተግባር ፈተናው ቀን ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ኧረ ይቺ ልጅ!" አለ ሲያየኝ።

የተግባር ፈተናው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ማሽኗ ጥግ ላይ ናት። ከእኛዋ የባሰች አሮጊት። አሥራ ሁለት ገጽ ሰጡኝና ፊትና ጀርባ፣ ሦስት ጥራዝ፣ በቅደም ተከተል አሉኝ። በተጨማሪ የአንድ መታወቂያ ፊትና ጀርባ በአንድ ገጽ ላይ። ወረቀቱን አራግቤ ከተትኩ። እጄን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ፤ ሞቅ ብላለች። ጀመረች። አንደኛው ጥራዝ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተለወጠ፤ ወረቀት ልትነክስ ስትል የምታሰማው ድምፅ አለ፣ እንደ ሳል ነው። ወዲያው ቀይ መብራት በራ።

"ነይ የኔ እናት" አልኳት። "ምን ሆንሽብኝ? አትቆጪ። ማን ነው እርጥብ ወረቀት ያጎረሰሽ? ቆይ፣ ቆይ፣ ይኸው…" የጎን በሯን ከፈትኩ፣ መያዣውን አላላሁ፣ ወረቀቱን ወደምትሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርጌ ሳብኩ። ወደ ኋላ የጎተተው ይቀደድበታል። ጫፉ ሙሉ መሆኑን አየሁ፤ ቁራጭ ከቀረ ሁለተኛ ትነክሳለችና። "ጎበዝ። አሁን ቀጥዪ።" ቀጠለች።

ሦስቱን ጥራዝ አስተካክዬ ስዞር ሦስቱም ሰዎች ፈገግ ብለው ያዩኛል። ጮክ ብዬ ስናገር እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ቃለ መጠይቁ እዚያው ቀጠለ። "እስቲ ስለራስሽ ንገሪን" አሉኝ መሀል የተቀመጡት መላጣ ሰውዬ። ዓይኔ ወለሉ ላይ ወደቀ። የዲግሪዋ ልጅ ያስጠናችኝ ሁሉ ጠፋ።

"ልጄ" አሉ ሰውዬው፣ "ማሽኗን ስታናግሪ ሰምተናል። እኛንም እንደ ማሽን ቁጠሪን። እኛም አንዳንዴ ወረቀት እንነክሳለን።"

ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። "መንከስማ ደንበኞቼም ይነክሳሉ" አልኩ። አፌን ያዝኩ። የበለጠ ሳቁ።

"እሺ፣ ምስጢር የሆነ ሰነድ እንድታባዢ ቢሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

ለዚህ የተጠና መልስ ነበረኝ፤ አላነብም፣ አላወራም፣ ለኃላፊዬ አስረክባለሁ የሚል። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። "ስጨርስ ክዳኑን እከፍታለሁ" አልኩ። "ምስጢር የሚወጣው በአፍ ብቻ አይደለም። ሰው ኮፒውን ቆጥሮ ይሄዳል፣ ዋናው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የመጣው ሰው ያገኘዋል። እኔም የራሴን ሰርተፊኬት፣ ለእናንተ ላመጣ የገለበጥኩትን፣ መስታወት ላይ ረስቼ አሠሪዬ አግኝተውብኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን መስታወቱ ላይ ሳላሳልፍ ከማሽን አልርቅም። የተበላሸውንም ኮፒ እቆጥራለሁ፤ የተበላሸ ኮፒም ይነበባል።"

መላጣው ሰውዬ ብዕራቸውን አንስተው ረጅም ነገር ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አላልቅ አለ። ጋሼ በየሰዓቱ "ወጣ?" ይላሉ። "አልወጣም፣ ጋሼ።" "እነሱማ!" ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሰልፉ በሩን አልፎ ቆሞ ሳለ የዲግሪዋ ልጅ ሰው እየገፋች ገባች። ታለከልካለች። ስልኳን ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

"ፕሪንት አድርጊልኝ።"

"ምኑን?"

"ዝም ብለሽ ፕሪንት አድርጊ!" ፊቷን ማንበብ አይቻልም፤ ከንፈሯን ነክሳዋለች።

ወደ ማሽኗ ላክኩት። ማሽኗ አጉረመረመች። ወረቀቱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ አርማው፣ ከዚያ "የመጨረሻ ውጤት"፣ ከዚያ ሠንጠረዡ። አንደኛ፦ ኮድ ሠላሳ አንድ። የተመረጠች። ከስሩ ተጠባባቂ፦ ኮድ አሥራ ሰባት። ትኩስ ነበር። ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

"ሠላሳ አንድ እኔ ነኝ!" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ወደ ሰልፉ ዞሬ። የዲግሪዋ ልጅ በባንኮኒው ላይ ተንጠልጥላ አቀፈችኝ። አንዲት መታወቂያ ልታስገለብጥ የመጣች ሴት ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች፤ ሰልፉም አጨበጨበ። ጋሼ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ወጣ?"

"ወጣ፣ ጋሼ!"

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው ከላይ ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ማሽኗን ከእንግዲህ ማን ያናግራታል?" ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ለረጅም ጊዜ አልወጡም።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የሰው ሀብት ቢሮ በር ላይ ሳንኳኳ፣ ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ግራጫ ኮት የለበሱ ትልቅ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ከክሩ ላይ አንስተው አዩኝ።

"ስምንተኛ ለ!" አሉ። "ሠላሳ አንድ አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ከመሳቢያ ቅጽ አውጥተው ወደ እኔ ገፉት። የመጀመሪያው መስመር "ሙሉ ስም" ይላል። እስክርቢቶዬን አነሳሁና ቆምኩ። ወረቀቱን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ።

"ልጻፈው?"

ፈገግታቸውን ሊደብቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አሁን ጻፊ" አሉ። "ክፍልሽን ግን ተዪው።"